ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ሲአይ ለመዘርጋት ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በፓይተን የተጻፈ አነስተኛ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) አለኝ፤ ኮዱ ጊትሃብ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ብቻዬን በነበርኩበት ጊዜ ለውጥ ከመላኬ በፊት ቴስቶቹን በራሴ ኮምፒውተር ማስኬድ ይበቃኝ ነበር፤ አሁን ግን የማላውቃቸው ሰዎች ጭምር ፑል ሪኩዌስት (ለውጣቸው ከኮዴ ጋር እንዲዋሃድ የሚያቀርቡት ጥያቄ) ስለሚልኩ የእያንዳንዱን ለውጥ አውርጄ፣ ፈትሼ መልስ እስክሰጥ ሳምንት የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በቅርቡ ደግሞ በማክ ኮምፒውተሬ ላይ በትክክል የሠራ ለውጥ ካዋሃድኩ በኋላ፣ ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎች ላይብረሪው «ፋይሉ አልተገኘም» እያለ እንደሚቆምባቸው ጻፉልኝ። ምክንያቱ የአንድ ዳታ ፋይል ስም በትልቁ የላቲን ፊደል ጀምሮ ሳለ ኮዱ በትንሹ ፊደል መጥራቱ ነበር፤ ማክ በተለመደው አሠራሩ ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲቀበል ሊኑክስ ለይቶ ያያቸዋል።

ስለዚህ ለውጥ በተላከ ቁጥር ቴስቶቹ በራሳቸው የሚሄዱበት ሲአይ መዘርጋት እፈልጋለሁ። የትኛውን አገልግሎት ልምረጥ? የመጀመሪያው ፋይል ውስጥስ ምን ይግባ? ላይብረሪውን ፓይፒአይ (የፓይተን ላይብረሪዎች የሚለቀቁበት ድረ ገጽ) ላይ የምለቅበትን ቶክን (እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግል ቁልፍ) እዚያው ባስቀምጠው፣ እንግዳ ሰው የሚልከው ኮድ ሊደርስበት ይችላል ወይ?

የመጀመሪያ መልስ

ኮድዎ ጊትሃብ ላይ ስላለ የጊትሃብ የራሱ ሲአይ የሆነውን ጊትሃብ አክሽንስን ይጠቀሙ፤ ለሕዝብ ክፍት ለሆኑ ሪፖዚተሪዎች (የኮድ ማከማቻዎች) በመደበኛዎቹ ማሽኖች ላይ ያለ ክፍያ ይሠራል። የቆዩ መመሪያዎች ትራቪስ ሲአይን ሲመክሩ ያገኙ ይሆናል፤ አብዛኞቹ የተጻፉት አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የክፍያ ሥርዓቱን ከመቀየሩ በፊት ስለሆነ አይከተሏቸው። ጄንኪንስ ብዙ የሚያሠራ መሣሪያ ቢሆንም ሰርቨሩን የሚንከባከብ ሰው ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ፋይል አጭር ይሁን። ወደ ዋናው ብራንች ለውጥ ሲገባና ፑል ሪኩዌስት ሲከፈት ይነሣ፤ ኮዱን ያውርድ፣ ላይብረሪውን ይጫን፣ ቴስቱን ያስኪድ፣ ሌላ ምንም አይጨመርበት። በአንድ የፓይተን ቨርዥን ሊኑክስ ላይ ከተሳካ በኋላ ወደ ሌሎቹ ቨርዥኖች፣ ወደ ዊንዶውስና ወደ ማክ ያስፋፉት። ቨርዥኖቹን ሲዘረዝሩ 3.10ን የግድ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡት፤ ያለበለዚያ ያምል (ፋይሉ የሚጻፍበት ቅርጸት) እንደ አስርዮሽ ቁጥር ስለሚያነበው 3.1 ይሆናል፣ ሲአዩም የሌለ ቨርዥን ሲፈልግ ይወድቃል። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ከሰዓት አጥፍቻለሁ። በተጨማሪም የጊዜ ገደብ ያስቀምጡ፤ ምንም ካልጻፉ አንድ ጆብ (ሲአዩ የሚያስኬደው አንድ ሥራ) ተንጠልጥሎ ቢቀር የሚቋረጠው ከ360 ደቂቃ በኋላ ነው።

ሁለተኛ መልስ

የቶክኑ ጥያቄ ከሁሉም የሚበልጥ ስለሆነ በእሱ ላይ ላተኩር። ከፎርክ (ሌላ ሰው ከወሰደው የሪፖዚተሪዎ ቅጂ) የመጣ ፑል ሪኩዌስት በመደበኛው መንገድ ሲነሣ ጊትሃብ ምስጢሮችዎን (ያስቀመጧቸውን ቶክኖችና ይለፍ ቃሎች) አይሰጠውም፤ ከራሱ ከጊትሃብ የሚያገኘው ቶክንም ከማንበብ ያለፈ ሥልጣን የለውም። ችግሩ የሚመጣው ይህ ክልከላ ሥራ ሲያስተጓጉልባቸው «ፑል ሪኩዌስት ታርጌት» ወደሚባለው ማስነሻ የሚሻገሩ ሰዎች ላይ ነው። እሱ የሚሄደው በዋናው ሪፖዚተሪ ስም፣ ምስጢሮቹን ይዞ ስለሆነ፣ እዚያ ውስጥ የእንግዳውን ኮድ አውርደው ካስኬዱት ቁልፍዎን ለማያውቁት ሰው አስረከቡ ማለት ነው። ተንኮለኛው ቴስት ፋይሉ ውስጥ አንዲት መስመር መጨመር ይበቃዋል። እባክዎን አይንኩት።

ለመልቀቂያ ደግሞ ቶክን ጨርሶ አያስቀምጡ። ፓይፒአይ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ «ትረስትድ ፐብሊሺንግ» የሚባል አሠራር አለው፤ የትኛው ሪፖዚተሪና የትኛው ወርክፍሎው (የሲአይ ፋይል) እንደሚለቅ አስቀድመው ያስመዘግባሉ፣ በሚለቁበት ጊዜ ለ15 ደቂቃ ብቻ የሚያገለግል ቶክን ይሰጣል። የመልቀቂያውን ፋይል ከቴስቱ ይለዩት።

ሌሎች ሰዎች የሠሯቸውን አክሽኖች (በሲአይ ፋይልዎ ውስጥ የሚጠሯቸው ዝግጁ ክፍሎች) ሲጠቀሙም በቨርዥን ታግ (ለቨርዥኑ በተሰጠው ስያሜ) ሳይሆን በሙሉው ባለ 40 አኃዝ የኮሚት (የተመዘገበ አንድ ለውጥ) መለያ ይጥሯቸው። ታግ ሊዛወር ይችላል፦ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 «ቲጄ አክሽንስ» በሚባለው ስብስብ ውስጥ ያለ፣ በብዙ ሺህ ሪፖዚተሪዎች የሚሠራበት አንድ አክሽን ተጠልፎ፣ ታጎቹ ወደ ተንኮል ኮድ ዞረው፣ ምስጢሮች በሎግ ላይ እንዲታተሙ ተደርጓል። በኮሚት መለያ አስረው የነበሩት ግን የዱሮውን ኮድ እንደያዙ ቀጠሉ።

ሦስተኛ መልስ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኢንተርኔት የሚፈልጉ ቴስቶችን ከፑል ሪኩዌስቱ ያውጡ። በምሳተፍበት ፕሮጀክት አንድ ቴስት አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት ይወድቅ ስለነበር ሁላችንም ቀዩን ምልክት ስናይ «እንደገና አስኪድ» የሚለውን መጫን ለመድን፤ እውነተኛ ስሕተት ሲመጣም እንደዚያው ደጋግመን አስኪደን አሳለፍነው። አሁን እነዚያን ቴስቶች ሌሊት በሰዓት ሠሌዳ እናስኬዳቸዋለን። ሪፖዚተሪው ለ60 ቀናት እንቅስቃሴ ካላሳየ ግን ጊትሃብ ሠሌዳውን እንደሚያጠፋው ይወቁ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሊኑክስ የጀመርኩት የመጀመሪያው ሙከራ ቀይ ሆነ፤ ሎጉን ሳነብ ያላየሁት ሁለተኛ የፊደል ስሕተት እዚያው ተገኘ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ለውጥ በላከ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መልስ ያገኛል። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ሲአይ ያላለፈ ለውጥ እንዳይዋሃድ አስገዳጅ አደረግኩት፤ ነገር ግን አንዱን የፓይተን ቨርዥን ከዝርዝሩ ካወጣሁ ጀምሮ ፑል ሪኩዌስቶቹ ሁሉ «በመጠበቅ ላይ» እንዳሉ ቀርተዋል።

የመጀመሪያው መላሽ

አስገዳጅ ያደረጉት ቼክ (ፍተሻ) ስም ውስጥ የቨርዥኑ ቁጥር ስላለ፣ ጊትሃብ ከእንግዲህ የማይመጣ ጆብ እየጠበቀ ነው። ሌሎቹን ሁሉ የሚጠብቅ አንድ ማጠቃለያ ጆብ ይጨምሩና አስገዳጅነቱን በእሱ ላይ ብቻ ያድርጉት። ይህ ጆብ ሌሎቹ ቢወድቁም «ሁልጊዜ» እንዲነሣ አድርገው የእያንዳንዳቸውን ውጤት እንዲፈትሽ ይጻፉት፤ ዝም ብለው ከተዉት ከእሱ በፊት ያለው ሲወድቅ እሱ ይዘለላል፣ የተዘለለ ጆብ ደግሞ እንዳለፈ ስለሚቆጠር የወደቀው ለውጥ ይዋሃዳል። ካስተካከሉት በኋላ ሆን ብለው አንድ ቴስት ያበላሹና መከልከሉን ያረጋግጡ።