የሩዝና የጤፍ እንጀራ በማግስቱ ለምን ይሰበራል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ጤፍ ሲወደድብኝ ከጎረቤት አይቼ ከፎገራ ሩዝ ጋር ግማሽ በግማሽ ማስፈጨት ጀመርኩ። ከምጣድ ሲወጣ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ዓይኑ ያማረ ነው፤ ልጆቼም ወደውታል። ችግሩ በማግስቱ ነው። ጠዋት ለምሳ ዕቃ ልጠቀልለው ስል እጥፋቱ ላይ ይሰበራል፣ ጠርዙማ ድርቆሽ ነው። በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪጅ ባስገባው ጭራሽ ባሰበት። ወፍጮ ቤት ደግሞ "ስባሪ ሩዝ ስለሆነ ነው" አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ 1፦
እህቴ፣ የምግብ ሳይንስ ነው ያጠናሁት፤ ይህ ነገር በጣም ይገባኛል። የሩዝ ዱቄት አብዛኛው ስታርች የሚባለው የእህል ነጭ ዱቄታማ ክፍል ነው። ስታርች ደግሞ አሚሎስና አሚሎፔክቲን ከሚባሉ ሁለት ነገሮች የተሠራ ነው። ምጣዱ ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ሲቀዘቅዝ ግን ሁለቱም ተመልሰው ይጠጋጋሉ፤ አሚሎሱ በሰዓታት ውስጥ፣ አሚሎፔክቲኑ ቀስ እያለ በቀናት። ያኔ እንጀራው ይጠነክራል። ትናንት የተቀቀለ ሩዝ ዛሬ ድስት ውስጥ የሚገግመውም በዚሁ ነው። ጤፍም ይህ ባሕርይ አለው፣ ግን ዝግ ይላል።

ፍሪጁን ተይው። 4 ዲግሪ አካባቢ ስታርች በጣም ቶሎ የሚጠነክርበት ቅዝቃዜ ነው። ላስቲኩ ውሃውን ቢይዝልሽም ጥንካሬውን አያስቀረውም። የተሰበረብሽን ለብ ባለ ምጣድ ላይ ከድነሽ ትንሽ አቆዪው፣ ይለሰልሳል። የሩዙ ዝርያም ለውጥ አለው፤ አሚሎሱ ከ25 በመቶ በላይ የሆነ ሩዝ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ከ20 በታች የሆነው ግን ለስለስ፣ ተጣበቅ ይላል።

መልስ 2፦
እኔ ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ላይ ነው የምሠራው። በስባሪው አታሳቢ! መሰበሩ ስታርቹን አይቀይረውም፣ ለዱቄት ከሆነ ደግሞ በርካሽ ታገኚዋለሽ። ሩዝ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ገና ከማሳው ነው፤ ታጭዶ ሲከርም ቀን ፀሐይ ሌሊት ጤዛ ይፈራረቅበትና ፍሬው ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል። አንዱን ፍሬ ልጠሽ ወደ ብርሃን ብታዪው እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይታይሻል። ያ ፍሬ መፈልፈያ ሲገባ ለሁለት ነው የሚሆነው። ርጥበቱ 14 በመቶ ገደማ ሲደርስ ቢፈለፈል፣ ጥላ ላይ ቀስ ብሎ ቢደርቅ ገበሬው ስንቱን ባተረፈ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሌላ አገር ከነገለባው ነክረው፣ በእንፋሎት አብስለው ያደርቁታል። ስታርቹ ስንጥቁን ይደፍነዋል፣ ስባሪው በጣም ይቀንሳል። አንቺ ስትገዢ ግን አሽትቺው፤ የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ተይው።

መልስ 3፦
ልጄ፣ አብሲት ትጥያለሽ? ሩዝ ያለበት ሊጥ ያለ አብሲት አይሆንም። እኔ ሦስት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ሩዝ ነው የማስፈጨው፣ ሩዙንም ለብቻው አልሜ። አብሲቱን ከወትሮው ወፈር አድርጊው። ሲወጣም በላስቲክ ሳይሆን በጨርቅ ሸፍነሽ መሶብ ውስጥ።

መልስ 1፦
እናታችን ልክ ናቸው። አብሲት ማለት ቀድሞ የበሰለ ስታርች ነው፤ ሊጡ ውሃውን እንዲይዝ ያደርገዋል።

ጠያቂ፦
ለካ እሱ ነው! ስለምቸኩል አብሲቱን ትቼው ነበር። ቅዳሜ እንዳሉኝ ሦስት ለአንድ አድርጌ፣ አብሲት ጥዬ ጋገርኩ። እሑድ ጠዋት ጠቀለልኩት፣ አልተሰበረም። ሰኞ ጠርዙ ጠንከር ብሎ ነበር፣ ምጣድ ላይ ለብ አደረግኩትና ልጆቹ ይዘውት ሄዱ።