ክርክር፦ የእንጉዳይ ሰፕልመንት ከፋርማሲ ውጭ መሸጡ ይከልከል?

አወያይ (ድሬዳዋ)፦
የዛሬው የጽሑፍ መከራከሪያችን በከዚራ ሱቆች፣ በታይዋን ገበያና ቤት ለቤት በሚዞሩ ወኪሎች የሚሸጡትን የእንጉዳይ ሰፕልመንቶች (ለጤና ተብለው ከምግብ ላይ ተደርበው የሚወሰዱ ምርቶች) ይመለከታል። ሬይሺ፣ ላየንስ ሜን፣ ቻጋና ኮርዲሴፕስ በተባሉ የእንጉዳይ ዓይነቶች ስም በካፕሱል፣ በዱቄት ወይም ከቡና ጋር ተቀላቅለው የሚቀርቡት እነዚህ ምርቶች ስኳርን ከማውረድ አንሥቶ ካንሰርን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ነገር ይነገርላቸዋል። ሽያጩ በፋርማሲ ብቻ ይወሰን የሚሉም፣ ገበያው ክፍት ይሁን የሚሉም አባላት ስላሉ ሁለቱንም እንሰማለን። የድርጅትና የግለሰብ ስም እንዳትጠሩ እናሳስባለን።

የከዚራ ፋርማሲስት፦
በፋርማሲ ብቻ ይሸጥ ከሚሉት ወገን ነኝ። ደንበኞቼ «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለውን ቃል «ጉዳት የለውም» ብለው ነው የሚረዱት። አንድ ነገር በሰውነት ውስጥ በእርግጥ የሚሠራ ከሆነ ግን ከሌላ መድኃኒት ጋር የመጋጨት ዕድል አለው፤ ምንም የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ያን ያህል ገንዘብ የሚከፈልበት ምክንያት አይታየኝም። ሬይሺ የደም መርጋትን ሊያዘገይ ስለሚችል ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ለሚወስድ ወይም ቀዶ ሕክምና ለተቀጠረ ሰው የመድማት ስጋት አለው። ቻጋ ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃፓን የወጣ አንድ የሕክምና ዘገባ፣ የጉበት ካንሰር የነበረባቸው የ72 ዓመት ሴት በየቀኑ ከአራት እስከ አምስት የሻይ ማንኪያ የቻጋ ዱቄት ለስድስት ወር ያህል ከወሰዱ በኋላ ኩላሊታቸው ተጎድቶ የኩላሊት እጥበት እንደጀመሩ ይገልጻል። ሱቅ ውስጥ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ወኪል (ከመልካ ጀብዱ)፦
እኔ ይህን ምርት ሸጬ ልጆቼን የማሳድግ፣ ራሴም የምጠቀም ሰው ነኝ። ወንድሜ ፋርማሲስቱ የጠቀሱት በጣም የበዛ መጠን የወሰዱ አንዲት ታማሚ ሴት ያጋጠማቸውን ነው፤ በዚያ ሚዛን ከሄድን ከፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚተርፍ መድኃኒት አይኖርም። በቻይና ሬይሺ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲወሰድ የኖረ ነው፤ ጃፓንም ከእንጉዳይ የተዘጋጀ መድኃኒት ለካንሰር ሕክምና ፈቅዳለች። በቀፊራ ገበያ ጥቁር አዝሙድና ፌጦ የሚሸጡትን እናቶች ፈቃድና የላቦራቶሪ ወረቀት የጠየቃቸው የለም፤ እነርሱም ቢሆኑ «ለስኳርም ለግፊትም ይሆናል» እያሉ ነው የሚሸጡት። ፋርማሲ ይግባ ማለት ዋጋው ይጨምር ማለት እንደሆነም ይታሰብበት።

የኬሚስትሪ መምህር (ሐረር)፦
የወኪሏ የጥቁር አዝሙድ ነጥብ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም አንድ ልዩነት አለው። ጥቁር አዝሙድ የሚገዛ ሰው ፍሬውን ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ያልሆነ ነገር ቢሰጠው ያውቃል። ካፕሱል የሚገዛ ሰው ግን የሚገዛው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቃል ነው። ስለዚህ በየት ይሸጥ ከሚለው በፊት ቃሉ ምን ያህል ይታመናል የሚለውን ማየት ይገባል።

ስለ ጃፓን የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ለወኪሏ ካፕሱል ምስክር አይሆንም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1977 የፈቀደችው ተርኪ ቴይል ከተባለው እንጉዳይ የሚወጣ ክሬስቲን የተባለ ምርት ሲሆን፣ አሠራሩ ተለይቶ የታወቀና ከካንሰር መድኃኒት ጋር ተደርቦ የሚሰጥ ነበር። የካንሰሩን መድኃኒት ተክቶ የሚሰጥ አልነበረም። ያው የእንጉዳይ ስም የተለጠፈበት ማንኛውም ብልቃጥ የዚያን ምርት ማስረጃ ሊወርስ አይችልም።

ወደ ማሸጊያው እንምጣ። እንጉዳይ ሁለት ክፍል አለው፤ ከላይ የሚታየው አካሉና ከሥር እንደ ክር የሚዘረጋው ማይሴሊየም። ብዙ አምራቾች ማይሴሊየሙን በሩዝ፣ በአጃ ወይም በማሽላ ላይ ያበቅሉታል፤ ክሩ በእህሉ ውስጥ ስለሚሰርጽ መለየት አይቻልም፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድነት ደርቆ ይፈጫል። ገዢው በእንጉዳይ ዋጋ የከፈለበት ዱቄት ከፊሉ እህል ነው ማለት ነው። በተቃራኒው «ማይሴሊየም ሁሉ ዋጋ ቢስ ነው» እያሉ የሚያስተዋውቁም አሉ፤ እነርሱም ሻጮች መሆናቸውን አንርሳ፤ ክሬስቲን ራሱ ይወጣ የነበረው ከማይሴሊየም ነውና። ችግሩ ሳይለይ የቀረው እህል ነው።

«ፖሊሳካራይድ 50 በመቶ» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ምንም አይነግረንም፤ ፖሊሳካራይድ ከብዙ ስኳሮች የተያያዘ ንጥረ ነገር ሁሉ ስለሆነ የሩዝ ስታርችም ፖሊሳካራይድ ነው። የሚፈለገው ቤታ ግሉካን የተባለው የእንጉዳዩ ፖሊሳካራይድ ነው፤ የስታርቹ ወገን አልፋ ግሉካን ይባላል፤ ሐቀኛ አምራች ሁለቱን ለየብቻ ይጽፋቸዋል። «10 ለ 1 የተጨመቀ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እርጥብ እንጉዳይ ከክብደቱ ዘጠና በመቶ ገደማ ውሃ ስለሆነ፣ ምንም ሳይጨመቅ በፀሐይ ላይ አስጥቶ ማድረቅ ብቻ አሥሩን ኪሎ ወደ አንድ ያወርደዋል፤ በድሬዳዋ ፀሐይማ ሥራው የቀናት ነው።

ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሳይንቲፊክ ሪፖርትስ መጽሔት የታተመ ጥናት በአሜሪካ ገበያ ከተገዙ 19 የሬይሺ ሰፕልመንቶች ውስጥ ይዘታቸው ከተጻፈባቸው ጋር የተስማማው 5 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የምርመራ አቅም ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ በእኛ ዘንድ ያለውን መገመት አያስቸግርም።

ነጋዴ (ታይዋን ገበያ)፦
መምህር፣ የጻፉት ገብቶኛል፤ ነገር ግን እኔ ላቦራቶሪ የለኝም። ዕቃው በካርቶን መጥቶ በካርቶን ይሸጣል። ቢከለከልም በጓዳ መሸጡ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ደግሞ እናንተም አታዩትም። ለእኔ የሚጠቅመኝ ዕቃውን ስረከብ እህል ይሁን እንጉዳይ የምለይበት ዘዴ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር (ሐረር)፦
አንድ ቀላል መንገድ አለ። ጥቂት ዱቄት በፈላ ውሃ በጥብጠው ሙሉ በሙሉ ያቀዝቅዙት፤ ትኩስ ከሆነ ቀለሙ አይይዝም። ከዚያ ለቁስል የሚሸጠውን የአዮዲን ጠብታ ይጨምሩበት። በሌላ ብርጭቆ የሩዝ ዱቄት በጥብጠው ያንኑ ያድርጉና ያነጻጽሩ። እንጉዳይ ስታርች ስለሌለው የእንጉዳዩ ውሃ እንደ ሩዙ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ውስጡ እህል ወይም የስታርች ማሟያ አለ ማለት ነው።

የከዚራ ፋርማሲስት፦
እዚህ ላይ መምህሩን አጥብቄ እቃወማለሁ። ቀለሙ ካልተለወጠ ነጋዴው ምን ሊል ነው? «በአዮዲን ተፈትኖ ያለፈ» ብሎ ይለጥፍበታል። አዮዲን እርሳስን አያሳይም፣ ካድሚየምን አያሳይም፤ እንጉዳይ ደግሞ ከበቀለበት አፈር ከባድ ብረቶችን የመሰብሰብ ጠባይ አለው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ሬይሺ ይሁን ርካሽ የምግብ እንጉዳይ አይለይም። በተጨማሪም ማሟያው ማልቶዴክስትሪን (ከስታርች ተሰባብሮ የሚሠራ ዱቄት) ከሆነ ያ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ላይታይ ይችላል። ለሕዝብ የምናስተምረው ነገር ከማስታወቂያው የባሰ የውሸት መተማመን እንዳይፈጥር ልንጠነቀቅ ይገባል።

የኬሚስትሪ መምህር (ሐረር)፦
ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ምርመራው ዕቃን ለመጣል እንጂ ለማሳለፍ አያገለግልም። ለነጋዴው ግን ዕቃ የሚመልስበት አንድ ምክንያት መኖሩ ከምንም ይሻላል ባይ ነኝ።

የሳቢያን ነዋሪ፦
ሁላችሁም ስለ ዱቄቱ ጻፋችሁ፤ እኔ ስለ ንግግሩ ልጻፍ። እናቴ ሜትፎርሚን የምትወስድ የስኳር ታማሚ ናት። አንድ ወኪል ቤት ድረስ መጥቶ የሬይሺ ቡና ሲሸጥላት «ይህን እየጠጡ እንክብሉን ቀስ በቀስ መተው ይችላሉ» አላት። እውነት መስሏት እንክብሉን ተወችው፤ ስኳሯ ከፍ ብሎ ተኛች። በቡናው ውስጥ የነበረው እውነተኛ ሬይሺ ይሁን የሩዝ ዱቄት እናቴን የጎዳት እርሱ አይደለም። ስለዚህ ቤታ ግሉካኑ መቶ በመቶ ቢሆን እንኳ ያ ቃል መነገር አልነበረበትም።

የከዚራ ፋርማሲስት፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ለዚሁ ጉዳይ የተሠራ ግምገማ አለ። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2015 ሬይሺ የደም ስኳርን ጨምሮ ለልብና ለደም ሥር ሕመም የሚያጋልጡ ነገሮችን ይቀንስ እንደሆነ የፈተኑ ጥናቶችን መርምሮ፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመም ላለባቸው ሰዎች ለዚህ ጥቅም እንዲወሰድ የሚደግፍ ማስረጃ አላገኘም።

የኬሚስትሪ መምህር (ሐረር)፦
ስለ ንግግሩ ከተነሣ እኔም በየዓመቱ የማየውን ልጨምር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ላየንስ ሜን «ለተማሪዎች የማስታወስ ኃይል» እየተባለ ለወላጆች ይቀርባል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን የተሠራ ሲሆን፣ ተሳታፊዎቹ ከ50 እስከ 80 ዓመት የሆናቸውና መጠነኛ የመርሳት ችግር የጀመራቸው 30 ሰዎች ነበሩ። ለ16 ሳምንት የወሰዱት ውጤታቸው ተሻሽሏል፤ ካቆሙ በኋላ ግን ወደ ታች ተመልሷል። ይህ ለሽማግሌዎች ተስፋ የሚሰጥና ሊሰፋ የሚገባው ጥናት ነው፤ ለአሥራ ስምንት ዓመት ጤነኛ ልጅ ግን አንዳች አይናገርም። ማስታወቂያው ጥናቱን አልዋሸም፤ ዕድሜውን ብቻ ነው ያስቀረው።

የሕግ ባለሙያ (ድሬዳዋ)፦
በአጭሩ፦ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥሩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ አሳሳች ማስታወቂያንም፣ ሌላ ገዢ ላመጣ ሰው ሽልማት የሚሰጥበትን የፒራሚድ ሽያጭንም ይከለክላል። አዲስ ክልከላ ከመጠየቃችን በፊት ያለውን እንጠቀምበት።

ወኪል (ከመልካ ጀብዱ)፦
እኔ እንክብል አቁሙ ብዬ አላውቅም፤ የሚሉ እንዳሉ ግን እሰማለሁ፤ በሥልጠና ላይ የሚሰጠን የንግግር ወረቀትም ወደዚያ የሚገፋ ነው። ከሁሉ በላይ በሽታ የሚጠቅሰው ንግግር ይከልከል የሚለውን እቀበላለሁ። ፋርማሲ ብቻ ይሽጥ የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ያው ብልቃጥ በፋርማሲ መደርደሪያ ላይም ተደርድሮ አይቻለሁና። መምህር፣ ከአቅራቢዬ ምን ልጠይቅ?

የኬሚስትሪ መምህር (ሐረር)፦
የእንጉዳዩን ሙሉ ሳይንሳዊ ስም፣ የትኛው ክፍል እንደሆነና በምን ላይ እንደበቀለ፣ ቤታና አልፋ ግሉካኑ ለየብቻ የተለካበትን ወረቀት፣ የከባድ ብረቶችን ውጤት ይጠይቁ። ወረቀቱ ላይ ያለው የመደብ ቁጥር (በአንድ ጊዜ የተመረተው ዕቃ የሚለይበት) በእጅዎ ካለው ብልቃጥ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚላከው ለሌላ መደብ የተሠራ አንድ ወረቀት ነው። የአገር ውስጥ የምዝገባ ቁጥሩንም አይርሱ። ሽያጩ በየትም ቢሆን አልከራከርም፤ የበሽታ ስም ጠርቶ የሚሸጥ ግን ፋርማሲም ቢሆን ይጠየቅ።

የከዚራ ፋርማሲስት፦
በዚህ አልስማማም። ወረቀት ይዘቱን ይነግረናል እንጂ ገዢው ዋርፋሪን እንደሚወስድ አይነግረንም።

ወኪል (ከመልካ ጀብዱ)፦
አሁን ብልቃጡን አንሥቼ አነበብኩት። ከፊት ለፊት «ንጹሕ ሬይሺ» ይላል፤ ከኋላ በደቃቅ ፊደል «በቡናማ ሩዝ ላይ የበቀለ ማይሴሊየም» ይላል። ፖሊሳካራይድ 40 በመቶ ብሎ ጽፏል፤ ቤታ ግሉካን የሚል ግን የለውም።

የኬሚስትሪ መምህር (ሐረር)፦
እንግዲህ 40ው ውስጥ ሩዙም ተቆጥሯል። ስንቱ የሩዝ እንደሆነ አቅራቢው በጽሑፍ ይመልስልዎት።

ነጋዴ (ታይዋን ገበያ)፦
መልሱ ሲመጣ እዚህ ይለጠፍልን፤ እኔ ጋም የዚሁ ዓይነት ሁለት ካርቶን አለ።