ባቡሩ መንገዱን ዘግቶ ሲቆም ለማን ነው የሚደወለው?

ጥያቄ፦ «የማዶ ሰፈር»፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ሰላም ወገኖች። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ሰፈር ቤት ገዝተን ከገባን 8 ወራችን ነው። ሐዲዱ ከመግቢያችን 300 ሜትር ቢርቅ ነው። የጭነት ባቡር ይመጣና መሻገሪያው ላይ ቀጥ ይላል። ማክሰኞ 50 ደቂቃ ቆመ። ደወሉ ይጮሃል፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፉርጎዎቹ ግን ንቅንቅ የለም። ከኋላዬ የተሰለፈው መኪና እስከ ነዳጅ ማደያው ደርሶ ነበር። ሁለት ተማሪዎች ቦርሳቸውን ወርውረው በፉርጎዎቹ መሃል ሲሾልኩ በዓይኔ አየሁ።

ባለቤቴ ልትወልድ 6 ሳምንት ቀርቷታል። ሆስፒታሉ ከሐዲዱ ማዶ ነው። ፖሊስ ጋ ብደውል «እኛ ልንቀጣቸው አንችልም» አሉኝ። እኔ መኪናዬን መሃል መንገድ ባቆም ዝም ይሉኛል? ሕግ የለም ወይ? ለማን ነው የምደውለው?

«ረዥም መንገድ»፣ የከባድ መኪና ሹፌር

ወንድሜ፣ ማርያም ትቅረባት። መሻገሪያው ጋ ስትደርስ ምሰሶው ላይ ወይም የመብራቱ ሳጥን ላይ ትንሽ ሰማያዊ ሰሌዳ አለች። ብዙ ሰው አያያትም። የባቡር ድርጅቱ የድንገተኛ ስልክና የመሻገሪያው መለያ ቁጥር ተጽፎባታል። መለያው 6 አሃዝና አንድ ፊደል ነው። ዛሬውኑ ፎቶ አንሳና ስልክህ ላይ አስቀምጠው። ስትደውል መጀመሪያ መለያውን ንገራቸው። የመንገድ ስም ብቻ ብትነግራቸው ፍለጋ ውስጥ ይገባሉ።

ደግሞ አደራ፣ መኪናህ ሐዲድ ላይ ቆማ እምቢ ካለችህ ሁሉም ሰው ከመኪናው ይውረድ። ከሐዲዱ ራቁና ወዲያው እዚያው ቁጥር ላይ ደውል፣ ቀጥሎ 911። መኪናዋን ለማስነሳት አትታገል።

«አንቀጽ»

ፖሊሶቹ የነገሩህ እውነት ነው። ኦሃዮ ባቡር መሻገሪያን ከ5 ደቂቃ በላይ እንዳይዘጋ የሚከለክል ሕግ አላት። ግን በ2018 እ.ኤ.አ. እዚያው ኦሃዮ፣ ማሪስቪል ከተማ አካባቢ፣ ወደ ሆንዳ ፋብሪካ የሚገቡ ባቡሮች መንገድ ዘጉ ተብሎ ሲኤስኤክስ የተባለው የባቡር ድርጅት ተከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2022 ድርጅቱ ረታ። ባቡርን መቆጣጠር የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው፣ ክፍለ ግዛት በዚህ ሊቀጣ አይችልም ተባለ። ኦሃዮ ይግባኝ ብትልም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2024 ጉዳዩን አላይም አለ። ቴክሳስም ተመሳሳይ ሕግ ነበራት፣ በ2001 በፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እንዲሁ ወደቀ።

በጣም የሚያናድደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ክፍለ ግዛቶቹ «የፌዴራል ጉዳይ ነው» ተብለው ተከለከሉ። በፌዴራል ደረጃ ግን ባቡር መሻገሪያ ላይ ስንት ደቂቃ መቆም እንደሚችል የሚወስን ሕግ የለም። ክፍተቱን መድፈን የሚችለው ኮንግረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ለምክር ቤት አባልህ ቢሮ መጻፍ ዋጋ አለው። የክፍለ ግዛቱን ሳይሆን ዋሽንግተን ያለውን።

«የሐዲድ ሰው»

እዚሁ አሜሪካ ባቡር ላይ ነው የምሠራው። ሠራተኞቹ ሰው ለማጉላላት የሚያቆሙት እንዳይመስልህ። ዛሬ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ባቡር ብርቅ አይደለም። ባቡር ለባቡር የሚተላለፍባቸው የጎን መስመሮች ግን የተሠሩት ለአጭር ባቡር ነው። ከፊት ያለው የባቡር ማቆሚያ ግቢ ከሞላ ጭራው መንገድ ላይ ይቀራል። ሠራተኛውም በሕግ ከ12 ሰዓት በላይ አይነዳም፣ ሰዓቱ ከሞላ ተተኪ በመኪና እስኪመጣ ባቡሩ እዚያው ይቆማል።

አንዷ የፍሬን አየር ቱቦ ብትበጠስ ደግሞ ፍሬኑ ሁሉ በአንዴ ይይዛል። ያኔ ኮንዳክተሩ ባትሪውን ይዞ ጠጠር ለጠጠር፣ ፉርጎ በፉርጎ እያየ በእግሩ ይሄዳል። በክረምት ሌሊት 3 ኪሎ ሜትር ሄጄበታለሁ። «ለምን ከመሃል አይቆርጡትም?» ትሉ ይሆናል። ይቆረጣል፣ ግን የእጅ ፍሬን መታሰር አለበት፣ መልሶ ሲገጠም የፍሬኑ አየር ይፈተሻል። አንዳንዴ ከመጠበቁ በላይ ጊዜ ይወስዳል። እነዚህን ረጃጅም ባቡሮች የሚወስኑት ከላይ ያሉት ናቸው፣ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለእነሱ ነው።

ስለ ልጆቹ ግን እለምናችኋለሁ። በፉርጎ መሃል የሚሾልክ ካያችሁ ጩኹበት። የቆመ ባቡር ሲነሳ ጭራው ጋ ያለ ሰው ላይሰማ ይችላል። መጋጠሚያው ድንገት ይሳባል፣ እግር ለማንሳት እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

«እናት ዓለም»፣ ሂውስተን

እዚህም በሐዲድ ተከበን ነው የምንኖረው፣ ሕመምህ ይገባኛል። ነርስ ስለሆንኩ ከሚስትህ ልጀምር። ምጥ ሲጀምራት ባቡሩ ቆሞ ካገኘኸው 911 ደውልና «መሻገሪያው ተዘግቷል፣ እኛ ያለነው ከዚህ ወገን ነው» በል። ከሌላ ጣቢያ አምቡላንስ መላክ ይችሉ እንደሆነ ያያሉ። ከአሁኑ ደግሞ ሐዲዱን በድልድይ የሚሻገር መንገድ ፈልገህ ነድተህ ሞክረው። ማታም ቀንም።

ሌላው፣ ባቡሩ በቆመ ቁጥር የፌዴራል የባቡር አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ አስመዝግብ። «ብሎክድ ክሮሲንግ» ብለህ ብትፈልግ ቅጹ ይመጣል፣ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ አለ። ማንንም አይቀጣም። ግን የት፣ ስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተዘጋ የሚቆጠረው በዚያ ነው። ከንቲባው ድልድይ ለማሠራት ገንዘብ ሲጠይቅ ይህ መዝገብ ያግዘዋል። በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለመሻገሪያዎች ብቻ በ5 ዓመት 3 ቢሊዮን ዶላር ተመድቧል፣ የፌዴራሉ ድርሻ የሥራውን ወጪ እስከ 80 በመቶ ይሸፍናል። ሃመንድ፣ ኢንዲያና የትምህርት ቤት ልጆች በባቡር ሥር እየሾለኩ ሲያልፉ በዜና ታይተው አገር ደነገጠ። ከዚያ ከተማዋ ለድልድይ ከዚሁ ገንዘብ አገኘች። ማመልከት የሚችለው ከተማው ነው እንጂ ግለሰብ አይደለም። ስለዚህ ጎረቤቶችህን ይዘህ የከተማው ስብሰባ ላይ ተገኝ።

«የማዶ ሰፈር»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሰማያዊዋን ሰሌዳ አገኘኋት፣ ዛፍ ሸፍኗት ነበር። ትናንት ማታ 35 ደቂቃ ሲቆም ደወልኩ። ሰውየው በትሕትና አናገረኝ፣ ባቡሩ ግቢ ለመግባት ተራ እየጠበቀ ነው አለኝ። ቅጹንም ሞላሁ። በድልድዩ በኩል ያለውን መንገድ ነዳሁት፣ 19 ደቂቃ ነው፣ በሐዲዱ በኩል ቢሆን 7 ነበር። ባለቤቴ ከእንግዲህ ሁሌም በዚያ እንሂድ ብላለች።

«አንቀጽ»፣ ለዋሽንግተኑ ቢሮ ስጽፍ የመሻገሪያውን መለያና የቀኖቹን ዝርዝር አብሬ ላያይዝ ነው። እንግሊዝኛውን ታይልኛለህ?

«አንቀጽ»

በደስታ። ዛሬ ማታ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ፎቶዎቹ ላይ ሰዓቱ የሚታይ ከሆነ እነሱንም ጨምር።