ለድሮ ሃይሉክስ የሚሆን ቸርኬ

ባለ ፒካፑ፦ ሰላም ወገን። የአባቴ ሃይሉክስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1990 ሞዴል ነው፣ ፎር ዊል። ቸርኬው ዝጎ አልቋል። ሶማሌ ተራ የሚትሱቢሺ ኤል 200 የአልሙኒየም ቸርኬ አይቻለሁ፣ ባለ 6 ቀዳዳ ነው። ይገጥማል?

መካኒኩ፦ እንዳትገዛው! የቡሎኑ ቀዳዳ ልክ ነው፣ ሁለቱም 6 በ139.7 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ማለትም 6 ቀዳዳ ዲያሜትሩ 139.7 በሆነ ክብ ላይ። ችግሩ የመሃሉ ቀዳዳ ነው፤ የኤል 200 67 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ያንተ 106 ይፈልጋል፣ ጭራሽ አይገባም። የድሮው ኒሳን ፓትሮል 110 ስለሆነ ያልፋል፣ ግን ክፍተት ስላለው ዳዶውን በመስቀል እያፈራረቅክ እሰረው።

ሳምሪ፦ ኦፍሴቱንም፣ ማለትም ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚቀመጥ እይ ወንድሜ። ጎማው በጣም ወደ ውስጥ ከገባ ባሌስትራ ይነካል፣ በጣም ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ ኩሽኔታውን ይበላዋል።

ባለ ፒካፑ፦ ተባረኩ! የድሮው ዳዶ ይሠራል?

መካኒኩ፦ መቀመጫው ሾጣጣ ይሁን ጠፍጣፋ አይተህ ከአዲሱ ቸርኬ ጋር የሚሄደውን ግዛ።