ረቂቅ 3፦ ከስሜን ፓርክ ጋር ግጦሽ የሚጋሩ ፍየሎችና በጎች ክትባት

ፀሐፊ፦ የማህበራችን አባላት፣ ረቂቁ ይኸው። ሥራው ዋሊያን ለመጠበቅ በጭሮ ለባና በአምባራስ ቀበሌዎች ያሉትን በጎችና ፍየሎች ፒ.ፒ.አር ለተባለው ገዳይ የበግና የፍየል በሽታ መከተብ ነው። 10,000 ራስ፣ 4 ቡድን፣ አንድ ቡድን በቀን 350፣ በድምሩ 8 ቀን። ብልቃጡ ባለ 100 ዶዝ ነው፤ 15 በመቶ ብክነት ተይዞ 115 ብልቃጥ ከቢሾፍቱ። ገቢ የሆነው 410,000 ብር፦ መኪና፣ በቅሎና አበል 210,000፤ 6 የበረዶ ሣጥን 90,000፤ ክትባትና መርፌ 60,000፤ መጠባበቂያ 50,000። ከፋሲካ ገበያ 3 ሳምንት ቀድመን ካልጨረስን ከየቦታው የመጣ ፍየል ተቀላቅሎ ይመለሳል።

የሚኒሶታው፦ እኔ የከፈልኩት ለዋሊያ ነው። ለምን እሱን ራሱን አንከትብም?

ሐኪሙ፦ ገደል ላይ ያለ አውሬ ሲባረር ይወድቃል፤ ቢያዝም ከድንጋጤው የተነሣ ጡንቻው ተጎድቶ ይሞታል። የምንዘጋው በሽታው የሚገባበትን በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሞንጎሊያ ውስጥ ይኸው በሽታ ከበግና ፍየል ሳይጋ ወደሚባለው የዱር እንስሳ ተሻግሮ በጥቂት ወራት ሺዎችን ጨርሷል። የእኛው ከስሜን በቀር በዓለም የትም የለም፤ በአንድም መካነ እንስሳት ተጠባባቂ የለውም።

ረቂቁ የጎደለውም አለ። ደረቁ ክትባት ቢቀዘቅዝ ምንም አይሆንም፤ ማሟሟያው ግን በረዶ ከሆነ ጠርሙሱ ይሰነጠቃል፣ ሞቆ ከተቀላቀለ ደግሞ ክትባቱን ይገድለዋል። ሁለቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይያዙ። የተበጠበጠው በአንድ ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል፤ ስለዚህ ብልቃጥ የሚከፈተው መቶ ራስ በረት ውስጥ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጠዋት መንጋው ሳይሰማራ ነው። መርፌ በውሃ ይቀቀል እንጂ በአልኮል አይታጠብ፤ ክትባቱ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። 1 ሚሊ ሊትር ከቆዳ ሥር። ከ4 ወር በታች ያለ ግልገል የእናቱ መከላከያ ስላለበት ይለፍ።

የጎንደሩ፦ ከሁሉ በፊት ስሙ ይታረም። ሽፋኑ ላይ «ዋሊያ» ተብሏል። ትክክሉ «ዋልያ» ነው። በተሳሳተ ስም ፕሮፖዛል አይገባም።

የሚኒሶታው፦ ብሔራዊ ቡድኑ በ«ዋሊያ» ሲጻፍ ኖሯል። ማን ነው ተሳሳተ የሚለው?

የጎንደሩ፦ ጋዜጠኛ እንደፈለገ ይጽፋል። ባለአገሩ ሲጠራው ሳድስ ነው፣ «ል»። ጃናሞራ ሄደህ «ሊ» ብለህ ብትጠራ እንግዳ መሆንህ ይታወቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለቱም በየመጽሐፉ አለ። ወደ በረዶ ሣጥኑ እንመለስ።

የጎንደሩ፦ አንመለስም። የከታቢዎቹ ሰደርያ ላይ የሚታተመው ይኸው ስም ነው።

ሐኪሙ፦ የምን ሰደርያ? ረቂቁ ውስጥ የለም።

የሚኒሶታው፦ መኖር አለበት። ሰው ማን እንደከተበለት ካላወቀ የማህበሩ ስም የት ይቀራል? ደባርቅ፣ ሳንካበርና ጨነቅ ላይም አንዳንድ ሰሌዳ ይተከል። የእኛ ከተማ አባላት ያዋጡት ይህ ተብሏቸው ነው።

ሐኪሙ፦ ማን ነው ያላቸው? ሰሌዳ በሽታ አያቆምም!

የሚኒሶታው፦ አትጩህብኝ። ከ410,000ው ውስጥ የእኛ ስንት እንደሆነ ገንዘብ ያዥን ጠይቅ።

ጋሼ፦ ተዉ፣ ልጆች። ሁለታችሁም የምትናገሩት ለአንድ እንስሳ ተቆርቁራችሁ ነው። ሰሌዳው ላይ በ«ል» ይጻፍ፣ ተስማሙ።

የሚኒሶታው፦ በ«ል» ይሁን። ሐኪም፣ ከፍ ያለ ቃል ከወጣኝ ይቅርታ።

ሐኪሙ፦ እኔም። ግን ወጪው ከየት ይቀነሳል?

ገንዘብ ያዥ፦ ሰደርያና 3 ሰሌዳ 130,000። መጠባበቂያው 50,000 ያልቃል፤ 45,000 ከበረዶ ሣጥን፣ 35,000 ከበቅሎና አበል። 3 ሣጥን ይቀራል፣ ሁለት ለየቀኑ፣ አንድ ለክምችት። ስለዚህ 2 ቡድን ብቻ፣ በ8 ቀን ቢበዛ 5,600 ራስ።

ሐኪሙ፦ እንዲያ ከሆነ ሁለቱን ቀበሌ በግማሽ አንንካ። ከመንጋው 80 በመቶው ካልተከተበ በሽታው መዞሩን አያቆምም። ጭሮ ለባን ብቻ፣ ሙሉ በሙሉ። የተከተበው ሁሉ ጀርባው ላይ ቀለም ይቀባ፣ አለዚያ አንዱ ሁለት ጊዜ ሲወጋ ሌላው ይዘለላል።

የአምባራሱ፦ እኛስ? ዋልያው ከእኛ ማሳ በላይ ነው የሚውለው። ሽማግሌዎቹን አስማምቼ ነበር። አሁን ምን ልበላቸው?

ፀሐፊ፦ ለሚቀጥለው ዓመት በላቸው። የደባርቁ፣ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አመጣለሁ፣ ማቀዝቀዣና 6 በቅሎም አገኛለሁ ብለህ ነበር። የት ደረሰ?

ፀሐፊ፦ የደባርቁ?

ጋሼ፦ ሁለት ሳምንት ሆነው ድምፁ ከጠፋ። ያለ ደብዳቤ አንድ ብልቃጥም አይወጣም፤ ከታቢዎቹም የወረዳው ናቸው።

የጎንደሩ፦ ሰሌዳውን እኔ አሠራለሁ፣ የፓርኩንም ፈቃድ እጠይቃለሁ። ሰኞ ናሙና እልካለሁ።

ፀሐፊ፦ ረቂቅ 4፦ «የዋልያ ግንዛቤ ማስጨበጫና የክትባት ሙከራ በጭሮ ለባ»። ሰሌዳ 3፣ ሰደርያ 40፣ ክትባት 5,000 ራስ፣ 58 ብልቃጥ። ሰሌዳው ሰው አግኝቷል። ለደብዳቤውና ለበቅሎው ደባርቅ ያለ ሌላ ሰው ስሙን ያስገባ።

ሐኪሙ፦ ለማቀዝቀዣውም። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ያለው ቤት ይሁን።