አርባ ምንጭ ልንወርድ ነው፦ ለቢምቢ ከስፕሬይ ይልቅ የዕፅዋት ነገር ይሠራል?

የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። በኅዳር አጋማሽ ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ ልንወርድ ነው። አምስት ቀን እንቆያለን። ባለቤቴ፣ እኔ፣ የሰባት ዓመት ወንድ ልጃችንና ገና ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ሴት ልጃችን። ጫሞ ላይ በጀልባ አዞ ማየት አለ፣ ነጭ ሳር ፓርክ መግባት አለ፣ ማታ በረንዳ ላይ ማምሸት አለ፤ ብቻ ለመተኛት ካልሆነ ቤት አንገባም።

ጥያቄዬ ስለ ቢምቢ ነው። አምና ላንጋኖ ስንሄድ ከሱቅ የተገዛ የሚነፋ ነገር ይዘን ነበር። ሽታው ራስ ያዞራል። ትልቁ ልጄ በተቀባ እጁ ዓይኑን አሽቶ ሲያለቅስ አመሸ። የኔ መነጽር ደግሞ ጣቴ የነካው ቦታ ላይ ሟሟ! እውነቴን ነው፣ የጣቴ አሻራ ፍሬሙ ላይ ቀርቷል። ፕላስቲክ የሚያሟሟ ነገር ልጄ ቆዳ ላይ? ከዚያ ወዲህ ዳግመኛ አልነካሁትም።

እናቴ ጠጅ ሳር አፍልተሽ ቀቢያቸው ትላለች። ጎረቤቴ ጤና አዳም ቆዳ ላይ ማሸት ነው ትላለች። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ቅርንፉድ በአልኮል ዘፍዝፉ እያሉ ነው። ከእናንተ ውስጥ ሞክሮ የሠራለት አለ? «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለውን ሰምቼዋለሁ፣ እሱን አትድገሙልኝ።

አርባምንጬ

ወደኛ መምጣታችሁ ደስ ይላል። እኔ ሴቻ ነው ያደግሁት። መጀመሪያ ሰዓቱን ልንገርሽ። ቀን ጫሞ ላይ የሚፈትናችሁ ፀሐይ ነው፣ ኮፍያና ውሃ ያዙ። ቢምቢ ሥራ የምትጀምረው ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ያ ደግሞ ሰው ሁሉ በረንዳ ወጥቶ ዓሣ አዝዞ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። እኛ ዓሣ እንበላለን፣ እሷ እኛን።

የወባዋ ትንኝ የተቀመጠ ሰው ስታገኝ ወደ ታች ወርዳ እግርና ቁርጭምጭሚት ላይ መንከስ ትወዳለች። ስለዚህ ካልሲ! በዚህ ሙቀት ካልሲ ስል ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ልጆቹን 11 ሰዓት ተኩል ላይ አጣጥበሽ ረጅም ሱሪና እጅጌ ያለው ልብስ፣ ነጣ ያለ ቀለም አልብሻቸው። የምታድሩበትን ቦታ ቬንቲሌተር በረንዳ ላይ አምጡልን በሏቸው፣ ቢምቢ ደካማ በራሪ ስለሆነች ነፋስ አትችልም። አጎበሩን ደግሞ ቀን በብርሃን ፈትሹት። ማታ በባትሪ ቀዳዳ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

ስለ ጠጅ ሳር፦ የእናቴ ግቢ ዙሪያውን ጠጅ ሳር ነው። ቢምቢውም እዚያው ሞልቷል። ተክሉ ቆሞ ዝም ብሎ ምንም አያደርግም፣ ቅጠሉ ሲታሽ ነው ሽታው የሚወጣው።

የፎገራው ሽማግሌ

ልጄ፣ እኔ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እዚህ ገብቼ መጻፍ ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ ናት። ያደግነው ፎገራ ሜዳ፣ ጣና ዳር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲያቁር የቢምቢው ነገር አይወራም። እናታችን ማታ ማታ ፍሙ ላይ ጥንጁት ትጨምር ነበር፣ ያው የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ጥንጁት። አንዳንዴ ወይራም ትቀላቅልበታለች። ቤቱ በጭስ ይሞላል፣ ቢምቢው ይወጣል፣ እኛም እያሳልን እንተኛለን።

ይሠራል ወይ ካልሽኝ ይሠራል። ጭሱ እስካለ ድረስ። ፍሙ ሲከስም ትመለሳለች። ወባስ አልያዛችሁም ወይ በይኝ፣ ይዞናል፤ ታናሽ ወንድሜን በየዓመቱ ጥቅምት ሲጠባ ይጥለው ነበር። ለሕፃን ደረት ደግሞ ጭስ ደግ አይደለም። ሜዳ ላይማ ነፋሱ ወደ ጎረቤት ነው የሚወስድልሽ።

ፋርማሲ ቤት

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እህቴ፣ እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ ትንሽ ይረዝምብሻል ታገሽኝ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር አንደባልቅ። ፍሊት የምንለው፣ ክፍል ውስጥ ተነፍቶ ነፍሳት የሚገድለው ሌላ ነው። ቆዳ ላይ የሚቀባውና የሚያባርረው ሌላ። ፍሊት ልጅ ላይ የሚነፋ ወላጅ አይቻለሁ፣ በፍጹም እንዳታደርጉት። ያንቺ መነጽር ከሟሟ ግን የተቀባሽው ዲት (DEET) የሚባለው ቢምቢ ማባረሪያ ኬሚካል ያለበት ሳይሆን አይቀርም። ዲት አንዳንድ ፕላስቲክ ያሟሟል፣ የታወቀ ጠባዩ ነው። ቆዳ ግን ፕላስቲክ አይደለም። አሴቶንም የጥፍር ቀለም ያስለቅቃል፣ ጥፍሩን ግን አያሟሟውም። ዲት ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕዝብ ሲጠቀምበት የኖረ ነገር ነው። የልጅሽ ችግር ዓይኑ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ለዚህ ነው የልጅ መዳፍ ላይ የማይቀባው።

አሁን ወደ ዕፅዋቱ። ቢምቢ የምታገኘን በትንፋሻችን፣ በሙቀታችንና በላባችን ሽታ ነው። የጠጅ ሳር፣ የሲትሮኔላ፣ የቅርንፉድ ዘይት ያንን ሽታ ያደናግርባታል። ውሸት አይደለም፣ ይሠራል። ችግሩ እነዚህ ዘይቶች ቶሎ ተነው ያልቃሉ። መዓዛቸው አፍንጫችን ድረስ የሚመጣው እኮ እየተነኑ ስለሆነ ነው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ሙከራ አለ፦ ሰዎች የተቀባ እጃቸውን ቢምቢ ያለበት ሣጥን ውስጥ አስገቡ። 24 በመቶ ገደማ ዲት ያለው ቅባት 5 ሰዓት ያህል ጠበቀ። ሲትሮኔላ ያለባቸው በአማካይ 20 ደቂቃ እንኳን አልሞሉም።

ከዕፅዋቱ አንድ የሚለይ አለ። ሽቶ ባሕር ዛፍ። ያ ቅጠሉ ሎሚ ሎሚ የሚሸተው፣ ከተራው ነጭ ባሕር ዛፍ ጋር አታምታቱት። ከእሱ የሚዘጋጀው ፒኤምዲ የሚባል ንጥረ ነገር ቶሎ አይተንም፣ ሰዓታት ይቆያል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም ከዲትና ፒካሪዲን ከሚባለው ሌላ ማባረሪያ ጋር አብሮ ከሚመክራቸው አንዱ ነው። ግን ቅጠል ቀቅሎ አይገኝም፣ ተቀነባብሮ ነው።

አሁን ጉዱን ስሚ፦ ይሄ ከዕፅዋት የሚገኘው ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይፈቀድም። ኬሚካል ነው ብለሽ የሸሸሽው ዲት ግን እስከ 30 በመቶ ያለው ከሁለት ወር በላይ ላለ ሕፃን ይፈቀዳል። ስለዚህ ለትንሿ ልጅሽ የተፈቀደው ያው የፈራሽው ነው።

ጤና አዳሙን ደግሞ እባክሽ ተይው። ቡና ውስጥ ይጥማል፣ አልከራከርም። ቆዳ ላይ ታሽቶ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ያቃጥላል፣ ውሃ ያቋጥራል፣ ጥቁር ምልክት ይተዋል። በጫሞ ፀሐይ ላይ ልጅሽን ጤና አዳም ቀብተሽ ጀልባ ላይ አስቀምጠሽ... ኧረ አይሆንም።

ጠጅ ሳር

ስሜ ላይ ስለመጣችሁ ዝም አልልም። እኔ ቢሾፍቱ ግቢዬ ውስጥ ተክዬ ዘይቱን በእንፋሎት አወጣለሁ። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል መዓዛማ ዕፅዋት ላይ ይሠራል፣ ሙያውን የጀመርኩት እዚያ የሠለጠነ ጓደኛዬ አሳይቶኝ ነው። ሐይቁ ዳር ስቀመጥ እሱን ነው የምቀባው፣ አልተነከስኩም። ሣጥን ውስጥ እጅ አስገብቶ መለካትና ውጭ ነፋስ እያለ መቀመጥ አንድ አይደለም።

ግን እውነቱን ለመናገር በየግማሽ ሰዓቱ እደግመዋለሁ። ስረሳው ትነክሰኛለች። ሌላ ሰዎች የሚሳሳቱት፣ ቅጠሉን ቀቅለው ውሃውን ይቀባሉ። እሱ ሻይ ነው፣ ጠጡት! ዘይት ከውሃ ጋር አይገናኝም፣ ጠርሙስ ውስጥ ብታናውጡትም ከላይ ይንሳፈፋል፣ ስትነፉት አንዱ ቦታ ውሃ፣ ሌላው ቦታ ንጹሕ ዘይት ይሆናል፤ ያ ንጹሑ ነው ቆዳ የሚያቃጥለው። በሰሊጥ ዘይት ወይም በቫዝሊን ነው የሚቀጥነው፣ ጠብታው ጥቂት ነው።

ፋርማሲ ቤት

ወንድሜ፣ በየግማሽ ሰዓቱ እደግማለሁ ካልክ ተስማምተናል እኮ። ቢሾፍቱ በረንዳ ላይ ለሚያሳክክ ነገር እኔም ያንተን እቀባለሁ፣ ሽታውም ደስ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ልጅ ተኝታ እናት «አሁን ሰዓቱ ሞላ ወይስ አልሞላም» እያለች የምትቆጥርበት ቦታ ላይ ነው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኅዳር ደግሞ ዋናው የወባ ወቅት ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል። ይሄ የማሳከክ ጉዳይ አይደለም።

ሜሪላንድ

እኔ እዚህ የምፈራው ቢምቢ ሳይሆን መዥገር ነው። በጋ ላይ ልጆች ጫካ ዳር ሲጫወቱ መዥገር ይዘው ይመጣሉ፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ፋርማሲ ቤት ያለውን የሽቶ ባሕር ዛፍ ነገር እኔ ለራሴና ለትልልቆቹ እጠቀማለሁ፣ ጥሩ ነው። ሽታው ግን የጉንፋን ቅባት ይመስላል፣ ልጄ «እማ፣ ታመምሽ?» ነው ያለችኝ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሱቅ ውስጥ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ተደርድሮ አለ። አንዱ «ኦይል ኦፍ ለመን ዩካሊፕተስ» ይላል፣ መቶኛው ተጽፎበታል፣ ነፍሳት ማባረሪያ መሆኑም ተመዝግቧል። ሌላው «ለመን ዩካሊፕተስ ኢሴንሻል ኦይል» ነው፣ እሱ ለሽታ የሚሸጥ ተራ ዘይት ነው። እኔ መጀመሪያ ሁለተኛውን ገዝቼ ለእናቴ ልኬላት ነበር። እስካሁን ሳሎን ውስጥ እየረጨችው እንግዳ ትቀበልበታለች።

የሁለት ልጆች እናት

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ እሱ ደግሞ ጥንጁት ካልገዛን ብሎ ተነሣ 😂

ፋርማሲ ቤት፣ እሺ ተሸነፍኩ። ለትንሿ እንዴት ነው የምቀባት? የፀሐይ ክሬምም አላት።

ፋርማሲ ቤት

የፀሐይ ክሬሙ መጀመሪያ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተሽ የቢምቢው። ፊቷ ላይ አትንፊባት፤ መዳፍሽ ላይ አድርገሽ በስሱ ቀቢያት፣ ዓይንና አፍ ሳትነኪ። የሷን መዳፍ ተይው፣ አፏ ውስጥ ታስገባዋለች። ልብስ የሸፈነውን አትቀቢ። ስትተኛ በሳሙና እጠቢያትና አጎበር ውስጥ አስገቢያት። ስትገዢ መቶኛው የተጻፈበትን ግዢ፣ ያልተጻፈበትን መልሺ። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ጋ ጎራ በሉ፣ የወባ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ይነግራችኋል። ከተመለሳችሁ በኋላ ደግሞ፣ ወር ቢያልፍም፣ ትኩሳት ከመጣ «አርባ ምንጭ ነበርን» ብላችሁ ደም አስመርምሩ። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ጉንፋን ነው ብሎ ሊሸኛችሁ ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት

ተመለስን! ቃል ስለገባሁ ልጻፍ። አዞዎቹ እንደ ግንድ ተጋድመው ነበር፣ ልጄ አንዱን ድንጋይ ነው ብሎ ሲከራከር አፉን ከፈተ።

ለልጆቹ 20 በመቶ ዲት ያለበት ሎሽን አገኘሁ፣ ሽታው የአምናውን ያህል አይደለም። መነጽሬን ሳወልቅ ሳደርግ እጄን እየታጠብኩ ነው። ትንሿ አንድም አልተነከሰችም። ትልቁ አራት ቦታ፣ አራቱም ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ ካልሲውን ያወለቀባት ማታ። አርባምንጬ፣ ምስጋናዬ ይድረስህ፣ ቬንቲሌተሩንም አመጡልን፣ ናፕኪኑ ሁሉ በረረ እንጂ ሠርቷል።

ባለቤቴ ግን እኔ ኬሚካል አልቀባም ብሎ የእናቴን ጠጅ ሳር በዘይት ይዞ ሄደ። የመጀመሪያው ማታ ቆጥሮ በየግማሽ ሰዓቱ ቀባ፣ ጥሩ ነበር። ሁለተኛው ማታ ጨዋታው ደርቶ፣ ዓሣው ደርሶ፣ ረሳው። ጠዋት ክንዱን ቆጠርንለት፣ አሥራ አንድ። ሦስተኛው ማታ ከልጁ ሎሽን ሲሰርቅ ያዝኩት።

ከተመለስን ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀናችን ነው። ትኩሳት የለም፣ ግን ቴርሞሜትሩን ከመሳቢያ አላወጣሁትም፣ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው።