የ2000 ፎርድ ዊንድስታር በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፦ የኢንቴክ ማኒፎልዱን ጋስኬት ልቀይር ወይስ ሌላ ነገር ላስመርምር?

ባለ_ዊንድስታር (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። በ2000 የተሠራ፣ ባለ 3.8 ሊትር ቪ6 ሞተር ፎርድ ዊንድስታር ሚኒቫን አለኝ። አርጅቷል ብዬ ልጥለው አልፈልግም፤ ማርሹ ጤነኛ ነው፣ አካሉም ለዕድሜው ደህና ነው። ችግሩ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳልረግጥ በዝቅተኛው ዙር) ይንቀጠቀጣል፤ ቀይ መብራት ላይ ስቆም ዙሩ ከፍና ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴም ሊጠፋ ይቃጣዋል። አውራ ጎዳና ላይ ወጥቼ በ60 ማይል ፍጥነት ስነዳው ግን ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይሄዳል።

የቼክ ኢንጅን መብራቱ በርቶ ኮዱን ሳስነብብ ፒ0171 እና ፒ0174 ወጡ፤ ይህም በሁለቱም የሞተሩ ጎኖች ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር አንሷል ማለት እንደሆነ ተነገረኝ። አንድ ጋራዥ ኦክስጅን ሴንሰሮቹ ሞተዋል ብሎ ሁለቱን ቀየረልኝ፤ መብራቱ ግን ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ በራ። አሁን ደግሞ አንድ የማውቀው ሰው ይህ የዚህ ሞተር የታወቀ ሕመም መሆኑን፣ በኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ክፍል) ጋስኬት ወይም ማኅተም በኩል ያልተፈለገ አየር እንደሚገባና እሱን ካልቀየርኩ በስተቀር የምቀይረው ሴንሰር ሁሉ ከንቱ ወጪ እንደሚሆን ነግሮኛል።

የልቀት ምርመራው ጊዜ እየደረሰ ስለሆነ ሁለተኛ ጊዜ በግምት ገንዘብ ማውጣት አልፈልግም። ማኒፎልዱን ከመፍታቴ በፊት ጋስኬቱ መሆኑን የማረጋግጥበት መንገድ አለ ወይ? የላይኛውን ብቻ መቀየር ይበቃል ወይስ የታችኛውም አብሮ መፈታት አለበት? ተራ ቁልፎችና ትዕግሥት ያለው ሰው ግቢው ውስጥ ሊሠራው ይችላል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ካንዴላ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ ኮዱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከስልክ ጋር የሚገናኝ ርካሽ ስካነር ካለዎት ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የረጅም ጊዜውን ፊውል ትሪም (ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን ለማስተካከል የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን መጠን በመቶኛ) በሚኒሞ ያንብቡ፤ ከዚያ መኪናው እንደቆመ ዙሩን በደቂቃ ወደ 2500 ከፍ አድርገው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዙትና እንደገና ያንብቡ። ሁለቱንም ቁጥሮች እዚህ ይጻፉልን።

ባለ_ዊንድስታር

አመሰግናለሁ፣ ዛሬ አንብቤዋለሁ። በሚኒሞ አንደኛው ጎን 24 በመቶ፣ ሌላኛው 23 በመቶ ይላል። በ2500 ዙር ላይ ሁለቱም ወደ 6 በመቶ ወረዱ። ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

የእጅ_ሙያ (አትላንታ፣ በጋራዥ ሥራ የምተዳደር)

ለመኪናው መጥፎ ነው፤ ለምርመራው ግን ከዚህ የተሻለ መረጃ አይገኝም። ቁጥሩ የሚናገረውን ሳይረዱ ዕቃ መግዛት ቀድሞ ከደረሰብዎት ወጪ ስለማይለይ ትንሽ ላብራራ።

ኮምፒዩተሩ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ባለው የማፍ ሴንሰር ነው። ከዚያ ሴንሰር ወዲያ ባለ ስንጥቅ የሚገባ አየር አልተለካም፤ ስለዚህ ቤንዚን አልታዘዘለትም። ኦክስጅን ሴንሰሮቹ በጭስ መውጫው ላይ ትርፍ ኦክስጅን ሲያገኙ «ቤንዚን አነሰ» ብለው ይናገራሉ፣ ኮምፒዩተሩም ቤንዚን ይጨምራል፤ እርስዎ ያነበቡት 24 በመቶ ያ ጭማሪ ነው። ጭማሪው ወይም ቅናሹ ከ10 በመቶ ካላለፈ መኪናው ደህና ነው ይባላል። እንግዲህ የተቀየሩት ሴንሰሮች ሞተው ሳይሆን እውነቱን ሲናገሩ የነበሩ ይመስላሉ። ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆናቸውም አንድ የጋራ ምክንያት እንዳለ ያሳያል፤ ሁለት ሴንሰሮች በአንድ ጊዜ በአንድ መጠን የሚዋሹበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው።

በ2500 ዙር ላይ ቁጥሩ ለምን ወረደ? በሚኒሞ የስሮትሉ በር (ቤንዚን ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር መግቢያ) ሊዘጋ ትንሽ ስለሚቀረው በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ከፍተኛ ነው፣ በትክክለኛው መንገድ የሚገባው አየር ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በስንጥቁ የሚገባው አየር ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ዙሩ ሲጨምር በትክክለኛው መንገድ የሚገባው ይበዛና የስንጥቁ ድርሻ ያንሳል። የቤንዚን ፓምፑ ደክሞ ወይም ማጣሪያው ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዳገት ሲወጣ ወይም ዙር ሲጨምር ቁጥሩ ይወጣ ነበር። ስለዚህ መኪናዎ ሌላ ቦታ አየር እየሳበ ነው ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። በየት በኩል እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይነግረንም።

መጀመሪያ ወጪ የሌለውን ይመልከቱ። ከፒሲቪ ቫልቩ (ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ትነት ከሚያሳልፈው) ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደው ቱቦና በጫፉ ያለው የላስቲክ ክርን በዕድሜ ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል፤ ከሞተሩ ጀርባ ስለሚውል ዓይን አይደርስበትም፣ በጣት መዳበስ ያስፈልጋል። ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደውን ወፍራም ቱቦም ይፈትሹ። ሞተሩ እየሠራ አንዱን ቱቦ በፒንሳ ቀስ ብለው ሲጨብጡት ትሪሙ በፍጥነት ከወረደ አየሩ የሚገባው በዚያ መስመር ነው።

ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ የሚያውቁት ሰው የነገረዎት ትክክል ሊሆን ይችላል። በዚህ ሞተር የላይኛው ማኒፎልድ ከታችኛው ጋር የሚገናኘው በላስቲክ ማኅተሞች ነው፤ የሚይዙት ቡሎኖችም በላስቲክ ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ። ችግሩ ዘይት ነው። ፒሲቪው ከሞተሩ ሆድ ትነት ሲስብ በፊተኛው የቴስታታ ክዳን በኩል ዘይትም አብሮ ይወስዳል፤ ያ ዘይት በማኒፎልዱ ውስጥ ተጠራቅሞ ላስቲኮቹን ያለሰልሳል፣ ያሳብጣል፣ በመጨረሻም ማኅተሙ ይለቃል። ፎርድ ራሱ በጊዜው ለሻጭ ጋራዦቹ ባወጣው የጥገና ማስታወቂያ የተሻሻለ የፊት ክዳን አውጥቷል፤ ውስጡ ዘይቱን ከትነቱ የሚለይ የተሻለ መከለያ አለው። ላስቲኩን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ክዳን የሚተው ሰው ለጊዜው ይገላገላል፤ ዘይቱ ግን አዲሱንም ላስቲክ መብላቱን ይቀጥላል። የላይኛውን ማኒፎልድ ሲያነሡት ውስጡ በዘይት ከራሰ፣ ክዳኑ ተቀይሮ እንደሆነና እንዳልሆነ ያኔ ያውቃሉ።

ማይልሃይ (ዴንቨር)

የእጅ ሙያ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ስለ ምርመራው ግን አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ቦታውን ለማግኘት የካርቡራተር ማጽጃ በሚሠራ ሞተር ላይ ይረጫል፣ ዙሩ ሲለወጥም «አገኘሁት» ይላል። ይህ ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው፤ በጋለ የጭስ መውጫ አጠገብ መርጨት ሞተሩን በእሳት ማያያዝ ነው። በተጨማሪም የሚረጨው ስለሚበተን በስንጥቁ ገባ ወይስ በአየር ማጣሪያው ዞሮ ገባ ለመለየት ያስቸግራል። የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ፈልጉና በዝቅተኛ ግፊት ጭስ ወደ ማኒፎልዱ ያስገቡ፤ የሚወጣበትን ቦታ በዓይንዎ ያዩታል። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ከአንድ ኦክስጅን ሴንሰር ዋጋ ብዙም አይርቅም።

የቫኩም ጌጅ (የማኒፎልዱን የመሳብ ኃይል በኢንች ሜርኩሪ የሚለካ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ደግሞ ያላችሁበትን ከፍታ አትርሱ። በባሕር ጠለል አካባቢ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያነባል። በየ1000 ጫማው ከፍታ ወደ 1 ኢንች ስለሚቀነስ እኛ ጋ በ5280 ጫማ ላይ 14 ወይም 15 የሚያነብ ሞተር ምንም አልሆነም። አዲስ አበባ ያሉ አንባቢዎች 7 ያህል ኢንች መቀነስ አለባቸው፤ ያለበለዚያ ደህናውን ሞተር አየር ይስባል ብለው ይፈቱታል።

ካንዴላ

እኔ ከዚህ በፊት ከዚሁ ዓይነት መኪና ጋር ስታገል የላይኛውን ብቻ ፈትቼ፣ አሮጌውን ላስቲክ አጽድቼ፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀብቼ ዘግቼዋለሁ፤ መኪናውም እስክሸጠው ድረስ ሠርቷል። ይህን ሁሉ ማድረግ የግድ ነው?

የእጅ_ሙያ

ካንዴላ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ትርፉ ሲሊኮን ተጨምቆ ወደ ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ይውጠዋል፤ የሴንሰር ደኅንነት ምልክት የሌለው ሲሊኮን ደግሞ ትነቱ አዲሶቹን ኦክስጅን ሴንሰሮች ሊገድላቸው ይችላል። የላይኛው ማኅተም ደረቅ ሆኖ ነው የሚገባው። በዚህ ሥራ ሲሊኮን ቦታው ሌላ ነው፤ እሱም የታችኛው ማኒፎልድ ከሞተሩ አካል ጋር በሚገናኝባቸው በሁለቱ ጫፎች ላይ ነው።

አሁን ወደ ጠያቂያችን ሁለተኛ ጥያቄ ልመለስ። የታችኛውን መፍታት ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። የቤንዚን መስመሩ ግፊት መለቀቅ፣ ኢንጀክተሮቹ ከነሐዲዳቸው መነሣት፣ የራዲያተሩ ውሃ መፍሰስ አለበት፤ ማኒፎልዱ ሲነሣ ውሃ ወደ ሞተሩ ሆድ ሊንጠባጠብ ስለሚችል ዘይቱም ከነማጣሪያው መቀየር ይኖርበታል። ስለዚህ ያለ ምክንያት አይፈታም። ጭሱ በታችኛው ማኒፎልድና በቴስታታው መገናኛ ላይ ከታየ፣ ወይም ውጭ የሚንጠባጠብ ሳይኖር ውሃው እየጎደለ ከሆነ ግን አብሮ ይፈታ። ሁለቱም ከሌሉ የላይኛው ይበቃል።

የላይኛው ግን በግቢ ውስጥ የሚሠራ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ አሉሚኒየም በትኩሱ ሲፈታ ይጣመማል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ያላቅቁ። እያንዳንዱን ቱቦና ሶኬት ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፣ ፕላስተር ላይ ቁጥር ጽፈው ይለጥፉበት። ማኒፎልዱ እንደተነሣ ክፍት የሆኑትን መግቢያዎች ወዲያውኑ በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ፤ ወደ ሲሊንደር የወደቀች አንዲት ዳዶ ከጋስኬቱ የከፋ ጣጣ ታመጣለች። ማኅተሙ የሚያርፍበትን ገጽ በፕላስቲክ መፋቂያና በፍሬን ማጽጃ ያጽዱ እንጂ በዲስክ ወይም በሽቦ ብሩሽ አይፋቁት፤ ለስላሳ አሉሚኒየም ነው፣ ይቧጨራል፣ ብናኙም ሞተር ውስጥ ይገባል። እግረ መንገድዎን የኢጂአር ቀዳዳዎቹን (የጭሱ ከፊሉ ወደ ሞተሩ የሚመለስባቸውን) ይመልከቱ፤ በዚህ ሞተር ላይ በከሰል መደፈናቸው የተለመደ ነው። የአየር ማስተላለፊያ በሮቹን የሚያንቀሳቅሱት ዘንጎች ጫፍ ላይ ያሉት ትንንሽ የፕላስቲክ ቀለበቶችም ከወለቁ አሁኑኑ ይተኩ፤ ፒ1537 ወይም ፒ1538 የሚል ኮድ ተከትሎ የሚመጣው በእነሱ ነው።

ቡሎኖቹን ከነላስቲክ ቀለበታቸው አዲስ ይግዙ። ሲያጠብቁ ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር፣ በቶርክ ሬንች ይሁን። ልኩ በጥገና መጽሐፉ ላይ የተጻፈው በኢንች ፓውንድ ነው፤ በፉት ፓውንድ አንብቦ ያጠበቀ ሰው ጥርሱን ይጨርሰዋል። ቡሎኑ እስከ ልኩ ከደረሰ በኋላ መጨመር ላስቲኩን አያጠብቀውም።

ኪሎሜትር_ቆጣሪ (ሚኒያፖሊስ)

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ቢልም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። ፎርድ በ2010 ከ1998 እስከ 2003 የተሠሩ ዊንድስታሮችን፣ መንገድ ላይ ጨው በሚረጭባቸው ግዛቶች የኋላ አክሱ ዝጎ ሊሰበር ስለሚችል ለጥገና ጠርቷቸዋል። የመኪናውን ቪን ቁጥር በፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አስገብተው ያልተሠራ ጥሪ ካለ ይመልከቱ። አክሱ የበሰበሰ መኪና ላይ ጋስኬት መቀየር ትርጉም የለውም።

ባለ_ዊንድስታር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቪኑን አይቼዋለሁ፤ የአክሱ ሥራ በቀድሞው ባለቤት ጊዜ ተሠርቷል። የጭስ ምርመራውንም አስደረግሁ፤ ጭሱ የወጣው በላይኛው ማኒፎልድ በሁለት ቡሎኖች ዙሪያና ከጀርባ በፒሲቪው ክርን ነው። በታችኛው በኩል ምንም አልታየም፣ ውሃም አይጎድልም። ማኅተሞቹን፣ ቡሎኖቹንና ክርኑን አዝዣለሁ፤ የፊቱን ክዳን ግን ማኒፎልዱ ሲነሣ አይቼ እወስናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፦ ሥራው እንዳለቀ ኮዱን አጥፍቼ በቀጥታ ወደ ልቀት ምርመራ መሄድ እችላለሁ?

የእጅ_ሙያ

አይሂዱ። ባትሪው ሲላቀቅም ሆነ ኮዱ ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ የራሱን የውስጥ ምርመራዎች ውጤት ይሰርዛል፤ የምርመራ ጣቢያው ማሽን «ገና ዝግጁ አይደለም» ብሎ ይመልስዎታል። ጥቂት ቀን ጠዋት በቀዝቃዛው አስነሥተው፣ ከተማ ውስጥም አውራ ጎዳና ላይም ይንዱት። በስካነርዎ ላይ ዝግጁነቱን የሚያሳየው ገጽ ሲሞላና በሚኒሞ ያለው ትሪም ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ሲረጋ ያኔ ይሂዱ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ትሪሙ አሁንም ከ15 በላይ ከሆነ የማፍ ሴንሰሩን ለእሱ ብቻ በተሠራው ማጽጃ ያጽዱት፤ በጨርቅ እንዳይነኩት። ክዳኑን በተመለከተ፣ ማኒፎልዱን አንሥተው የውስጡን ፎቶ ቢለጥፉልን አብረን እናየዋለን።